አጥር የማያውቅ ወይን

አጥር ያለበት አገር ሁሉ መካሪ አለበት። ሰው ሁለት ቋሚ ተክሎ መሀላቸው ሽቦ እንደ ወጠረ፣ ከወዲያ ማዶ አንድ ሰው ክርኑን አስደግፎ ቆሞ ያገኘዋል። ማን እንደ ጠራው አይታወቅም። ቋሚው ጠመመ ይላል፤ ሽቦው ላላ ይላል። አጥሩ ሲታጠር አላገዘም፤ ሲወድቅም አያነሣም። ሥራው መናገር ነው፤ ሥራውንም አንድ ቀን አጓድሎ አያውቅም።

ለእኔ የተመደቡልኝ መካሪ ክብርት ወይዘሮ ቨርሊን ስፕሩል ናቸው። ስጽፍ አንቱ ማለቴ ለወጉ ነው፤ አጥሩ ላይ ግን እኩያሞች ስለሆንን አንተና አንቺ እንባባላለን። ስሜ ሩፈስ አልስተን ነው፤ እሳቸው «ወንድም አልስተን» ይሉኛል፤ እኔ «እህት ቨርሊን» እላቸዋለሁ። ቤተ ክርስቲያን የምንቀመጠውም አንድ አግዳሚ ላይ ነው። እዚያም ይመክሩኛል።

ምክራቸው ሁልጊዜ የሚገባው በአንድ በር ነው። «እኔ ምን አገባኝ፤ ብቻ…» ይላሉ። ከዚያ በኋላ ሰው ወንበር ቢፈልግ ይሻለዋል። ቲማቲሜን መቼ እንደምተክል፣ ጣሪያዬን ምን ቀለም እንደምቀባ፣ ስሞትም በየትኛው ሱፍ እንደምቀበር ነግረውኛል። ሰማያዊው ነው አሉ፤ ቡናማው አመድ ያስመስልሃል አሉ። አንድ ጊዜ ፓስተራችንን በር ላይ ጠብቀው ስብከቱ መልካም እንደ ነበር፣ ብቻ ሁለት ቦታ ላይ ሊያልቅ ይችል እንደ ነበር ገለጹለት። ቀብር አስፈጻሚውን ስለ አበባው አቀማመጥ ሲመክሩት ሰውዬው አበባውን አንሥቶ ወደ ሌላ ቦታ ሲያዞር በዓይኔ አይቻለሁ። ሟቹ ብቻ ናቸው ዝም ያሉት።

አንዳንዴ ምክራቸው ይሠራል። ክፋቱም ይኸው ነው። ሁልጊዜ ቢሳሳቱ ኖሮ ጆሮዬን ደፍኜ በሰላም እኖር ነበር።

እኔ ግን ምክር የሚያስፈልገኝ ሰው አልነበርኩም፤ ወይም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። ልጅነቴ በትምባሆ ማሳ፣ ጉልምስናዬ በእንጨት መሰንጠቂያ አልቋል። መጽሐፍ በወጉ የያዝኩት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው። ዘግይቶ የተማረ ሰው እንደ አዲስ ጫማ ነው፤ በሄደበት ሁሉ ድምፁ ይሰማል። ከካውንቲው ቤተ መጻሕፍት በአገራችን ጫካ ስለሚበቅለው ስለ ሙስካዲን ወይን የተጻፈውን ሁሉ እየተዋስኩ አነበብኩ። ጎረቤት ስለ ዝናብ ሲያወራ ስለ ሥር እነግረዋለሁ፤ ስለ ሥር ሲጠይቀኝ ስለ ጀርመን አፈር እነግረዋለሁ። ጀርመን ሄጄ አላውቅም።

ጓሮዬ ውስጥ አንዲት ሙስካዲን አለች። ከእናቴ ግቢ ካለችው ሐረግ አንዷን ክንድ አጎንብሼ፣ አፈር አልብሼ፣ ሥር ስታወጣ ቆርጬ ያመጣኋት ናት። የእናቴ ቤት ዛሬ የለም፤ አውራ ጎዳና ሆኗል። ከዚያ ግቢ የቀረን ይቺ ሐረግ ናት። ፍሬዋ የነሐስ መልክ ያለው፣ ቆዳው ወፍራም፣ ውስጡ ማር ነው። ቆዳውን በጥርስ ነክሰው ውስጡን ይመጥጡታል፤ ልጣጩንና ዘሩን ይተፉታል። እንደ ሱቅ ወይን በዘለላ አይበስልም፤ እያንዳንዷ ፍሬ የራሷ ቀን አላት።

መስከረም በገባ ቁጥር አንድ ባልዲ ሞልቼ ከተማ ለምትኖረው ታላቅ እህቴ ለኦሪሊያ እወስድላታለሁ። ኦሪሊያ ዘጠናን አልፋለች፤ ዓይኗም ከጠፋ ቆይቷል። በረንዳዋ ላይ ተቀምጣ የመጀመሪያዋን ፍሬ ትመጥጣለች፤ ከዚያ «የእማዬ ናት» ትላለች። እኔም መልካም ቀን ውሏል ብዬ እመለሳለሁ።

የወይን ተክሌን የማሳድገው በመጽሐፍ ነው። አንድ ግንድ፣ በሽቦው ላይ ግራና ቀኝ የተዘረጉ ሁለት ክንዶች፤ ሌላ የለም። የካቲት ሲሆን መቀሴን ስዬ አምና ያደገውን ሁሉ ከሥሩ አጠገብ እቆርጠዋለሁ። ስጨርስ ሐረጊቱ ፀጉሩን የተላጨ ወታደር ትመስላለች። እህት ቨርሊን ይህን ባዩ ቁጥር ደረታቸውን ይይዛሉ። የተቆረጠው ጫፍ ውሃ ሲያንጠባጥብ «አስለቀስካት» ይሉኛል። እኔም ይህ ተክሉን ምንም እንደማይጎዳው በረጅሙ አብራራለሁ። ሳብራራ ደስ ይለኛል፤ ይህን አልክድም።

የእሳቸው ሐረግ ግን ሌላ ጉድ ነበረች። ማንም አልተከላትም፤ ወፍ የዘራት የጫካ ሙስካዲን ናት። መቀስ አይታ አታውቅም። ዕቃ ቤቱን ጠቅልላ፣ የልብስ ማስጫውን ገመድ ይዛ፣ የፔካን ዛፉን ወጥታ፣ ከዚያም አጥሬን ተሻግራ ጓሮዬን ትጎበኛለች። ይህን ሁሉ አካል ይዛ አንዲት ፍሬ አፍርታ አታውቅም። ጎረቤቴ ለጥላዋ ነው የያዝኳት ይላሉ፤ በጋ ከሥሯ ወንበር አውጥተው አተር ይፈለፍላሉ፤ ከዚያው ሆነው መንገደኛውን ሁሉ ይመክራሉ።

እኔም በተራዬ መካሪ ሆንኩ። ፍሬ የማይሰጥ ሐረግ ማገዶ ነው አልኳቸው። ጥላ ከፈለጉ ጃንጥላ አለ አልኳቸው። የወንጌል ጥቅስ አነሣሁ፤ ጥቅሱን ከእኔ ቀድመው ጨረሱት። ስንት ዓመት እንዲህ ተባባልን። አንድ የካቲት ጠዋት ግን ከወዲያ ማዶ የሞተር መጋዝ ሲጮኽ ሰማሁ። ስወጣ የወንድማቸው ልጅ ሌቪ ያቺን ጉድ ከሥሯ ገንድሶ ፒካፑ ላይ እየጫነ ነው። እህት ቨርሊን በረንዳቸው ላይ እጃቸውን አጣምረው ቆመዋል።

«ምክርህን ሰማሁ፤ እንግዲህ ደስ ይበልህ» አሉኝ።

ደስም አለኝ። ያን ቀን እያፏጨሁ ዋልኩ። እሑድ ዕለት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ ቨርሊን ስፕሩል የሰው ምክር መቀበላቸውን ለሚሰማ ሁሉ ተናገርኩ። ሰዎች ጤንነታቸው እንዴት ነው ብለው ጠየቁኝ።

ግንቦት መጣ፤ ሐረጌ አበበች። ሰኔ ላይ ግን ፍሬ ሊሆኑ የሚገባቸው እንደ ሰናፍጭ ያሉት ቅንጣቶች ረግፈው መሬቱን አለበሱት። መጀመሪያ ዝናቡን ከሰስኩ። ቀጥዬ አፈሩን፣ ከዚያ ጥንዚዛውን። መጽሐፎቼን ሁሉ መልሼ አነበብኩ፤ ማዳበሪያውንም ጨመርኩ። ቅጠሏ እንደ ሎሚ ዛፍ ለመለመ፤ ፍሬ ግን የለም።

እህት ቨርሊን አጥሩ ላይ መጡ። እሳቸውን ምን አገባቸው፤ ብቻ ሥሯ ላይ የዛገ ምስማር ይቀበር አሉ። ምስማሩን ቀበርኩ። የልብስ እጣቢ ይፈሰስባት አሉ፤ አፈሰስኩ። መስከረም ደረሰና ባልዲዬ ባዶ ሆነ። ያኔ ያደረግኩትን ስናገር ፊቴ ይግላል፦ ከመንገድ ዳር ሻጭ ሙስካዲን ገዝቼ፣ በራሴ ባልዲ ገልብጬ ለኦሪሊያ ወሰድኩላት።

አንዲት መጠጠች። ሌላም መጠጠች።

«ጥሩ ናት። የማን ናት?» አለችኝ።

«የእኔ ናት፤ የማን ትሆናለች?»

«አንተ ልጅ፣ የጠፋው ዓይኔ ነው፤ ምላሴ አልጠፋም።»

እውነቱን ነገርኳት። አልተቆጣችም። እጄን ፈልጋ ያዘችና «እሺ፣ ለከርሞ እጠብቃለሁ። ብቻ ብዙ አታስጠብቀኝ፤ እዚህ በረንዳ ላይ ከእኔ ጋር የሚቀመጡት ሁሉ ሄደዋል» አለችኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ወይን ሰው ሲጠይቀኝ ስለ አየሩ ማውራት ጀመርኩ።

ብርዱ ሊወጣ ሲል እህት ቨርሊን የመጨረሻውን መድኃኒት ይዘው መጡ። መካን ሐረግ ፀሐይ ሳትወጣ መገረፍ አለባት፤ ደንግጣ ታፈራለች። አባታቸው የኮክ ዛፋቸውን ያስወለዱት በአለንጋ ነው አሉ። እኔ የተማርኩ ሰው መሆኔን፣ እንዲህ ያለውን አጉል እምነት እንደማልቀበል በክብር ነገርኳቸው። በሳምንቱ ጎሕ ሲቀድ የሌሊት ልብሴን እንደ ለበስኩ፣ ባርኔጣዬን ደፍቼ፣ በቀበቶ ሐረጊቱን እየገረፍኩ ነበር።

ዲያቆን ባትል በዚያ ሰዓት ለዓሣ ወደ ወንዝ ይወርዳል። ፒካፑን አቁሞ መስኮቱን ዝቅ አደረገ። ከባርኔጣዬ እስከ ቀበቶዬ ተመለከተኝ።

«ወንድም አልስተን፣ ምን አድርጋህ ነው?» አለኝ።

«ምንም። ደኅና ነን» አልኩት።

«እንግዲህ ለሁለታችሁም እጸልያለሁ» ብሎ ሄደ።

ጸሎቱ ሳይረዳኝ አልቀረም፤ ምክንያቱም በዚያው ሰሞን ነው ወደ ጎርሀም መደብር የሄድኩት። ሚስተር ጎርሀም ዘር፣ መኖና ችግኝ ይሸጣል፤ ምድጃው ዙሪያ የሚቀመጡት ሽማግሌዎች ደግሞ ቀልድ ይቀበሉታል። ለማታፈራ ሐረግ የሚሆን ማዳበሪያ ጠየቅኩት። ዓይነቷን ነገርኩት።

«እሷማ ሴቴ ናት። ባሏ የታል?» አለ።

«ባል የላትም። ስንት ዓመት ብቻዋን ነው ስታፈራ የኖረችው።»

ሽማግሌዎቹ ወለሉን አዩ። ከመካከላቸው አንዱ ጉሮሮውን ጠርጎ «የእኔም አክስት እንደዚያ ትል ነበር» አለ። ሌላው አምስቱም ልጆቿ ፖስተኛውን ይመስሉ እንደ ነበር አስታወሰ። ሚስተር ጎርሀም ሳቁ እስኪበርድ ጠብቆ በአካባቢዬ የጫካ ሙስካዲን የተቆረጠ እንዳለ ጠየቀኝ። ፍሬ የማትሰጥ፣ አበባ ብቻ የምታወጣ።

እዚያው መኖው ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ።

አላውቅም ነበር ብል እንኳ ባላፈርኩ ነበር። አውቅ ነበር። ሙስካዲን ሴቴና ወንዴ እንዳለው፣ ሴቴዋ ወንዴ አጠገቧ ከሌለ እንደማታፈራ፣ ወንዴው ራሱ ፍሬ እንደሌለው አንብቤአለሁ። አንብቤም አልቀረሁ፤ በወንዶች ማኅበር ስብሰባ ላይ ቆሜ አስተምሬአለሁ። የእናቴን ሐረግ ብቻ ከሕጉ ነጻ አውጥቻት ነበር። የእኛ ቤት ሐረግ የሌላ ድጋፍ የምትፈልግ አልመሰለችኝም። በሰፈራችን ዙሪያ የነበረው ጫካ ተመንጥሮ አኩሪ አተር ከተዘራበት ቆይቷል፤ የቀረው ወንዴ አጥሬን የሚሻገረው ያ ጉድ ብቻ ነበር። ስሰድበው የኖርኩት ጎረቤት እየመጣ ቤቴን ያቆም ነበር።

እህት ቨርሊንን ያገኘኋቸው ከጉቶው አጠገብ፣ ጃንጥላ ይዘው ተቀምጠው ነው። ጃንጥላውን የመከርኩት እኔ ነኝ። ቆሜ ሁሉንም ነገርኳቸው። ሲያዳምጡ ፊታቸው አልተለወጠም። ስጨርስ ጃንጥላቸውን አጠፉ።

«እንግዲህ ያ ሁሉ ፍሬ የእኔም ነበረ ማለት ነው» አሉ።

«እንደዚያ ነው።»

«ማገዶ ያልካት።»

«አዎ።»

«ኦሪሊያ ታውቃለች?»

«አልነገርኳትም።»

«አትንገራት። ሰው በዚያ ዕድሜው እንዲህ ያለ ወንድም እንዳለው ማወቅ የለበትም።»

ይገባኝ ነበር። ከዚያ አንድ ነገር ማንበቤን፣ የወንዴ አበባ ከነቅርንጫፉ ተቆርጦ ውሃ ውስጥ ቢቆም ንቦቹ ብናኙን ሊያደርሱት እንደሚችሉ ነገርኳቸው። አሁን ግን ያነበብኩትን የምናገረው እንደ ለማኝ አንገቴን ደፍቼ ነበር። እህት ቨርሊን ከድልድዩ በታች ጅረቱ ዳር የጫካ ሙስካዲን እንዳለ ያውቁ ነበር፤ ሲያብብ ሽታው መኪና ውስጥ ድረስ ይገባል አሉ። ግንቦት እስኪገባ ጠበቅን። አንድ ማለዳ ፒካፔ ውስጥ ገቡና ለእናትህ ሐረግ ባል ፍለጋ እንሂድ አሉ።

በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ተመክሬ አላውቅም። መኪናውን የት እንደማቆም፣ ቦዩን በየትኛው እግሬ እንደምሻገር፣ እባብ ካየሁ ምን እንደምል ተነገረኝ። እኔ መነጽሬን አድርጌ አበባውን እመረምራለሁ፤ መሀሉ ላይ ትንሽ ኳስ ያለው ሴቴ ነው፣ ክሩን ብቻ ያቆመው ወንዴ ነው እላለሁ። እሳቸው አሽትተው ይፈርዳሉ። ሳንስማማ ስንቀር ሁለቱንም ቆረጥን። ቅርንጫፍ ታቅፈን፣ ፀጉራችን ላይ ቅጠል ተሰክቶ ከጫካው ስንወጣ የመዘምራኑ መሪ መንገድ ላይ አገኘችን። ጭንቅላቷን ነቅንቃ አለፈች። እስከ እሑድ ድረስ ያልሰማ ሰው አልነበረም። ዲያቆን ባትል ሊጸልይልን የሚገባው ነገር በዝቶ ግራ ገባው።

አበባውን በባልዲ ውሃ አድርገን ከሽቦው ላይ ሰቀልነው። ቀኑ ሲሞቅ ንቦቹ መጡ። እህት ቨርሊን በአጥሩ ላይ ሆነው በየት በኩል ቢዞሩ እንደሚሻል ይነግሯቸው ነበር። አበባው ሲጠወልግ ደግመን ሄድን፤ ሰልሰን ሄድን። ሰኔ ላይ ቅንጣቶቹ ረገፉ፤ ሁሉም ግን አልረገፉም። የቀሩትን እንደ ሕፃን ልጅ ጎንበስ ብዬ እየጎበኘሁ ከረምኩ።

መስከረም ላይ የተገኘው ባልዲ አይሞላም፤ አንድ ጎድጓዳ ሳህን ነው። ለኦሪሊያ ወሰድኩላት። አንዷን መጠጠች፣ ልጣጩን በመዳፏ ተፋች። ሁለተኛዋን፣ ሦስተኛዋን። ሳህኑ ሊጋመስ ሲል ነው ቀና ያለችው።

«ሩፈስ፣ አምና የት ነበርክ?» አለችኝ።

«ምክር ስሰጥ» አልኳት።

ሳህኑን ወደ ራሷ ጠጋ አደረገችና መብላቷን ቀጠለች።

ነገሩ እዚህ ላይ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ዛፎቹ ቅጠላቸውን ከጣሉ በኋላ ግን አንድ ጠዋት እህት ቨርሊን አሮጌ የአሳማ ስብ ቆርቆሮ ታቅፈው አጥሩ ላይ መጡ። ቆርቆሮው ውስጥ አፈር አለ፤ ከአፈሩ አንዲት ቀጭን ሐረግ ብቅ ብላለች። ሌቪ መጋዙን ይዞ ከመምጣቱ በፊት ከዚያ ጉድ አንዷን ክንድ ጎትተው፣ ከጓሯቸው ቦይ ዳር አፈርና ቅጠል አልብሰው ደብቀዋት ኖሯል። ሌቪ አላየም፤ እሳቸውም አላሳዩትም። ለምን ብዬ ጠየቅኳቸው። አንተ ትክክል ልትሆን የምትችል አልመሰለኝም አሉ። እንግዲህ በዕድሜዬ ሙሉ ተሰማልኝ ያልኩት አንድ ምክር እሱም ሙሉ በሙሉ አልተሰማም።

ቆርቆሮውን ተቀበልኩ። አፌን ከፈትኩ።

በእኛ አገር በስጦታ የመጣ ተክል አይመሰገንበትም። ያመሰገኑበት ተክል አይጸድቅም፤ ይህን ሕፃንም ያውቃል። እህት ቨርሊን ጣታቸውን አነሡብኝ።

«ዋ! እንዳትላት፤ እገድልሃለሁ።»

መጽሐፎቼ ስለዚህ ጉዳይ ምንም አይሉም። እኔ ደግሞ የተማርኩ ሰው ነኝ፤ እንዲህ ያለ ነገር አላምንም። ቢሆንም አፌን ዘጋሁ። ያቺን ሐረግ፣ ያቺን ሴትዮ፣ በመካከላችን ያለውን ሽቦ አየሁ። በመጨረሻ «ቀጫጫ ናት» አልኩ።

«ሲመጡ ሁሉም ቀጫጫ ናቸው» አሉና ደስ ብሏቸው ወንበራቸውን ሊያመጡ ሄዱ።

በአጥሩ መስመር ላይ፣ የእኔም የእሳቸውም ባልሆነ ቦታ ተከልናት። እኔ ቆፈርኩ፤ እሳቸው ተናገሩ። ዘንድሮ ሽቦውን ይዛለች፤ ከርሞ ታብብ ይሆናል። እስከዚያው ግንቦት በገባ ቁጥር ወደ ጅረቱ እንወርዳለን፤ ኦሪሊያም ትጠብቃለች። ምስጋናው አሁንም ጉሮሮዬ ላይ ነው። ይህን ጽሑፍ እህት ቨርሊን ማንበባቸው፣ አንብበውም ማረማቸው አይቀርም። ሐረጊቱ ገና ልጅ ናት፤ ስለዚህ እዚህም አልጽፈውም።